ኳስ ለያዘ ሁሉ ሙሉ ነጥብ? የሪሲቨር ነጥብ አሰጣጣችን ላይ ሐሳብ ስጡኝ

የታቦር ልጅ (ሀዋሳ)

ሰላም ቤተሰብ። የአሜሪካ ፉትቦል ፋንታሲ (እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠን ሜዳ ላይ በሠሩት ነጥብ የምንወዳደርበት) የምትጫወቱ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄዬ ለእናንተ ነው፤ ስለ ሪሲቨሮች፣ ማለትም የተወረወረላቸውን ኳስ ስለሚይዙት ተጫዋቾች።

አሥር ልጆች ነን። ሀዋሳ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። አራታችን እዚሁ አለን፤ ሌሎቹ ሚኒሶታ፣ ቨርጂኒያና ሲያትል ገብተዋል። ሊጉ የተጀመረው እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። ስልክ መደዋወሉ እየቀነሰ ሲመጣ አንዳችን "በየሳምንቱ የሚያገናኘን ነገር ይኑረን" አለ፤ በዚያው ተጀመረ። መስከረምና ጥቅምት ላይ የእሁዱ የመጀመሪያ ጨዋታ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አሜሪካ ሰዓት ሲቀየር 3 ሰዓት ይሆናል። የማታው ጨዋታ ግን ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሚጀምር ውጤቱን ጠዋት ነው የማየው። ሰኞ ሥራ አለ።

የሊጉ አደራጅ እኔ ነኝ። ድራፍታችን (ተጫዋቾችን በየተራ የምንመርጥበት) ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት መቋጨት ያለበት ጉዳይ አለ። እስካሁን የምንጫወተው በሙሉ ፒፒአር ነው። ተጫዋቹ የተወረወረለትን ኳስ በያዘ ቁጥር 1 ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ሌላ በየ10 ያርዱ 1 ነጥብ፣ ለታችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚ መጨረሻ ክልል ለማድረስ) 6 ነጥብ አለው። እኔ ለመያዝ የሚሰጠው ነጥብ ወደ ግማሽ ይውረድ ባይ ነኝ።

ለምን? ራኒንግ ባኩ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው) ኳሱን ከእጅ ወደ እጅ ተቀብሎ በግዙፍ ሰዎች መሀል ተጋፍቶ 7 ያርድ ቢሄድ 0.7 ነጥብ ነው የሚያገኘው። ሌላው ደግሞ ከመነሻው መስመር ኋላ ቆሞ አጭር ኳስ ይይዛል፤ እዚያው ጥለውት ቡድኑ 2 ያርድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቡድኑ ተጎዳ። በእኛ ደንብ ግን ይሄ ሰውዬ 0.8 ነጥብ አለው! በእግር ኳስ ለእያንዳንዱ አጭር ቅብብል ነጥብ እንደመስጠት ነው። ይህን ልቀበለው አልቻልኩም።

በቁጥር ላሳያችሁ። የ2023ን ውድድር ውሰዱ። ጆርጅ ፒክንስ ለፒትስበርግ 63 ኳስ ይዞ 1,140 ያርድ ሄደ፤ 5 ታችዳውን አለው። አዳም ቲለን ለካሮላይና 103 ኳስ ይዞ 1,014 ያርድ ሄደ፤ 4 ታችዳውን አለው። በያርድም በታችዳውንም ፒክንስ ይበልጣል። ለመያዝ ምንም ካልተሰጠ ፒክንስ 144፣ ቲለን 125.4 ያገኛሉ። በሙሉ ፒፒአር ይገለበጣል፦ ቲለን 228.4፣ ፒክንስ 207። በግማሹ ደግሞ ቲለን 176.9፣ ፒክንስ 175.5። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለቱንም ሲጫወቱ ላየ ሰው ትክክለኛው ፍርድ ይሄ ነው። አንዱ በረጅም ኳስ ሜዳውን የሚከፍት ነው፤ ሌላው ቡድኑ ሲጨንቀው የሚፈለግ ነው። አንዱን ከሌላው በ20 ነጥብ የሚያርቅ ደንብ አንደኛውን ሥራ እየናቀ ነው።

ከላይ ላሉት ደንቡ ብዙም ለውጥ የለውም። ጃማር ቼዝ በ2024 ለሲንሲናቲ 127 ኳስ፣ 1,708 ያርድ፣ 17 ታችዳውን ነበረው፤ በሦስቱም ከሪሲቨሮች አንደኛ ነው። በየትኛውም ደንብ አንደኛ ነው። ደንቡ የሚፈርደው መሀል ላይ ባሉት ላይ ነው፤ በአምስተኛው፣ በስድስተኛው ዙር በምንመርጣቸው ላይ። ሰው ሊጉን የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም እዚያ ነው።

አሁን ችግሬን ስሙ። በእኛ ሊግ እያንዳንዱ ሰው ካለፈው ዓመት አንድ ተጫዋች ያስቀራል። ቨርጂኒያ ያለው ጓደኛችን ያስቀረው ብዙ ኳስ የሚይዝ ራኒንግ ባክ ነው። "ተጫዋቼን ካስቀረሁ በኋላ ደንብ ይቀየራል እንዴ?" ብሎ በጣም ተቆጣ። ከእሱ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አሞራ ገደል ዓሣ አብረን እየበላን ነው ያደግነው። በግማሽ ነጥብ ምክንያት እንድንቀያየም አልፈልግም። ደንቡም ግን እንዲሁ እንዲቀጥል አልፈልግም።

ስለዚህ፦ ግማሽ ነጥብ ትክክል ነው ትላላችሁ? ኳስም የሚይዘው፣ ሰውም የሚከለክለው ታይት ኤንድስ ለብቻው ይታይ? ለውጡንስ ማንም ሳይከፋው እንዴት ላሳልፈው?

ከሚኒያፖሊስ

ወንድሜ ሰላም። እኔም የሀዋሳ ልጅ ነኝ፤ መናኸሪያ አካባቢ ነው ቤታችን። ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ፤ በሐሳቡ ግን አልስማማም።

ኳስ መያዝን ቀላል ነገር አድርገኸዋል። ኳሱ እጁ ላይ ሲያርፍ እኮ የሪሲቨሩ ከባዱ ሥራ አልቋል። ተከላካዩን በእግሩ አታልሎ፣ ባዶ ቦታ ፈጥሮ፣ ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባክ በጠበቀው ቅጽበት እዚያ መገኘት አለበት። ሪሲቨሩን ጀስቲን ጀፈርሰንን እዚህ ስታዲየም ገብቼ አይቼዋለሁ። ቴሌቪዥን ኳሱን ስለሚከተል ይሄን አያሳይህም። ስታዲየም ውስጥ ዓይንህን እሱ ላይ ብቻ ስትተክል ሌላ ጨዋታ ነው የምታየው። ሁለት ተከላካይ ይመደብበታል፤ ቢሆንም ነጻ ይወጣል። በ2022 የያዛቸው 128 ኳሶች እያንዳንዳቸው እንደዚያ የተሠሩ ናቸው። ያ ሥራ 1 ነጥብ አያንሰውም።

ሁለተኛ፣ ለመያዝ የምትሰጠውን በቀነስክ ቁጥር ታችዳውን ይገንናል። ታችዳውን ደግሞ ብዙ ጊዜ አሠልጣኙ 2 ያርድ ሲቀር ለማን እንደጠራ ነው። የታይት ኤንዶችን 2024 ተመልከት። ትሬይ ማክብራይድ ለአሪዞና 111 ኳስ ይዞ 1,146 ያርድ ሄደ። በመያዝ ያገባው ታችዳውን ግን 2 ብቻ ነው። ማርክ አንድሩስ ለባልቲሞር 55 ኳስ ይዞ 673 ያርድ ሄደ፤ 11 ታችዳውን አገባ። ለመያዝ ምንም ካልሰጠህ አንድሩስ 133.3፣ ማክብራይድ 126.6! ያንን ዓመት ያየ ሰው ይሄን ያምናል? ማክብራይድ የአሪዞና ማጥቃት ምሰሶ ነበር። በሙሉ ፒፒአር 237.6 ለ188.3 ይሆናል። እውነቱ ይሄ ነው።

ከመስመር ኋላ ስለሚያዘው ኳስ ያልከው ልክ ነው። ግን ሰውዬው 2 ያርድ ለማጣት አይደለም እዚያ የቆመው፤ አሠልጣኙ ነው እዚያ ያቆመው። ለአንድ መጥፎ ኳስ ብለህ መቶውን ጥሩ አትቅጣ።

የድሮ ተጫዋች (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ ይሄን ጨዋታ የያዝኩት ላዳንያን ቶምሊንሰን ለሳንዲያጎ በሚጫወትበት ዘመን ነው። በ2006 ሰውዬው 31 ታችዳውን አገባ፤ 28ቱ በሩጫ ነው። እሱን የያዘ ሰው ጨረሰ ማለት ነበር። የያኔው ድራፍት የመጀመሪያ ዙር ራኒንግ ባክ፣ ራኒንግ ባክ፣ ራኒንግ ባክ ነው። ጎበዝ ሪሲቨር የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ፒፒአር የተስፋፋው ይሄን ለማስተካከል ነው። ይሄን የማነሳው ለመያዝ የሚሰጠው ነጥብ ከሰማይ እንዳልወረደ እንድታውቁ ነው። ሚዛን ለመጠበቅ የገባ ነው።

እኔ ግን ሚዛኑ በነጥብ ሳይሆን በአሰላለፍ ነው የሚጠበቀው ባይ ነኝ። አስቡት። 32 ቡድን አለ። አብዛኛው ቡድን አንድ ዋና ራኒንግ ባክ ነው ያለው፤ ኳስ የሚደርሳቸው ሪሲቨሮች ግን በየቡድኑ ሁለትም ሦስትም አሉ። አሥር ሰው ሁለት ሁለት ራኒንግ ባክ ካሰለፈ 20 ሄደ፤ ደህና ደህናው ተሟጠጠ። ሁለት ሁለት ሪሲቨር ቢያሰልፍ ግን ገና ብዙ ይተርፋል። የተትረፈረፈ ነገር ደግሞ አይወደድም። ሦስት ሪሲቨር የማሰለፍ ግዴታ አስገቡ። ያኔ 30 ይፈለጋል፤ ሪሲቨር ራሱ ይወደዳል። ለመያዝ ደግሞ ዜሮ ስጡ። ያርድና ታችዳውን ይበቃል።

የታቦር ልጅ፣ አንድ ነገር ሳትነግረን ቀረህ። ስንት ሪሲቨር ነው የምታሰልፉት?

የታቦር ልጅ (ሀዋሳ)

ጋሼ አመሰግናለሁ። ሁለት ሪሲቨርና አንድ ፍሌክስ ነው የምናሰልፈው። ፍሌክሱ ላይ ሪሲቨርም፣ ራኒንግ ባክም፣ ታይት ኤንድም ይገባል። ሦስተኛ ሪሲቨር የማስገባቱን ነገር ከልቤ ተቀብየዋለሁ። በድምፅ አሰጣጡ ውስጥ ይገባል።

ዜሮውን ግን አልቀበልም፤ የሚኒያፖሊሱ ወንድሜ ያመጣው የማክብራይድ ምሳሌ ይከለክለኛል። የሁለታችሁን ሐሳብ መሀል ላይ ሳሰላው ይሄ ነው የወጣው፦ በግማሽ ነጥብ ማክብራይድ 182.1፣ አንድሩስ 160.8። ማክብራይድ አሁንም በደንብ ይበልጣል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ለፈራኸው ነገር ግማሹ ይበቃል። ሙሉው አያስፈልግም።

የራኒንግ ባኮቹንም ልጨምር፤ በሊጋችን ጠቡ ያለው እነሱ ላይ ነው። 2020 ላይ ዴሪክ ሄንሪ ለቴነሲ 2,027 ያርድ ሮጠ፣ 17 ታችዳውን አገባ። በአሜሪካው ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ታሪክ በአንድ ውድድር ዓመት 2,000 ያርድ ያለፈ ስምንተኛው ሰው ነው። የያዘው ኳስ ግን 19 ብቻ ነው፤ 114 ያርድ። አልቪን ካማራ ለኒው ኦርሊንስ 932 ያርድ ሮጦ 16 ታችዳውን አገባ፤ በተጨማሪ 83 ኳስ ይዞ 756 ያርድና 5 ታችዳውን ጨመረ። ከእጅ ያመለጠውን ኳስ ሳልቆጥር፣ ለመያዝ ምንም ካልተሰጠ ሄንሪ 316.1፣ ካማራ 294.8። በሙሉው ካማራ 377.8፣ ሄንሪ 335.1። በግማሹ 336.3 ለ325.6።

21 ታችዳውን ያገባ ሰው በትንሹ ቢበልጥ አይከፋኝም። ያስገባዋል። 2,000 ያርድ የሮጠ ሰው በ40 ነጥብ ሲቀር ግን፣ ያንን ዓመት ሄንሪ ተከላካዮችን በእጁ እየገፈተረ ሲጥል ያየሁበትን ሁሉ ደንቡ ውሸት ያደርግብኛል። ፋንታሲ የምንጫወተው ሜዳ ላይ ያየነው በነጥብ እንዲታይ ነው። አለበለዚያ ቁጥር ብቻ ነው።

የአዳማዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ እዚህ አዳማ የሥራ ባልደረቦች ሆነን ነው የምንጫወተው። ብዙዎቻችን የመጣነው ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ነው። ከዚያ ያመጣሁት ሐሳብ ለታይት ኤንዱ ጥያቄህ መልስ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

በዚያኛው ፋንታሲ አጥቂ ጎል ሲያገባ 4 ነጥብ፣ አማካይ 5፣ ተከላካይ 6 ነው። ጎሉ አንድ ነው፤ ነጥቡ ይለያያል። ተከላካዩ ሥራው ሌላ ስለሆነ ማግባት ይከብደዋል። ታይት ኤንድም እንደዚያ ነው። ግማሽ ሥራው ሰው መከልከል ነው። ኳርተርባኩን ለመጠበቅ፣ ለራኒንግ ባኩ መንገድ ለመክፈት ሲታገል ይውላል፤ ለዚያ ማንም ነጥብ አይሰጠውም። ስለዚህ ለሪሲቨርና ለራኒንግ ባክ ግማሽ፣ ለታይት ኤንድ ሙሉ 1 ስጡ። እኛ የምንጫወተው እንደዚያ ነው። ታይት ኤንድ ድራፍት መጨረሻ ላይ የሚነሳ ትርፍራፊ መሆኑ ቀርቷል። ብሮክ ባወርስ በ2024 ለላስ ቬጋስ 112 ኳስ ሲይዝ ገና ጀማሪ ነበር። እንደዚያ ያለ ልጅ ቀድሞ ሊነሳ ይገባዋል።

ስለ ሪሲቨሩ ግን ሁላችሁም ያላነሳችሁት መንገድ አለ። ለተያዘው ኳስ ሳይሆን ለፈርስት ዳውን ነጥብ ስጡ። ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ መሄድ አለበት አይደል? ያንን ሲያሟላ ነው ፈርስት ዳውን የሚባለው። በሦስተኛው ሙከራ 2 ያርድ ሲቀር 3 ያርድ የሚይዝ ሰው ጨዋታውን አስቀጠለ። በሦስተኛው ሙከራ 15 ያርድ ሲቀር 8 ያርድ የሚይዝ ሰው ግን ኳሱን ለተጋጣሚ ከማስረከብ አላዳነም። በናንተ ደንብ ሁለተኛው ይበልጣል። በፈርስት ዳውን ደንብ የመጀመሪያው ይበልጣል። የታቦር ልጅ ያነሳኸው ከመስመር ኋላ የሚያዝ ኳስም መልስ ያገኛል፤ ቡድኑ ካልተራመደ ነጥብ የለም። አፕሊኬሽኑ ራሱ ይቆጥረዋል፤ ማንም ደብተር አይዝም።

የእንግሊዙም ፋንታሲ በ2025/26 እንደዚህ ዓይነት ነገር አስገብቷል። ተከላካይ ለእያንዳንዱ ጠለፋ ነጥብ አይቆጠርለትም። ያወጣው፣ ያገደው፣ የጠለፈውና የነጠቀው ተደምሮ 10 ሲሞላ ነው 2 ነጥብ የሚሰጠው። ሥራው መቆጠር አለበት፤ ግን ውጤት ሲሆን ይቆጠር።

ስለ ጓደኛህ ደግሞ፣ እሱ ልክ ነው። በዚህ አትከራከረው። ሰው ተጫዋች ያስቀረው ያለውን ደንብ አይቶ ነው። እኛ ዘንድ የደንብ ለውጥ የሚያልፈው ከሦስት እጅ ሁለቱ ሲስማማ ነው። ካለፈም በኋላ የሚሠራው ከሚቀጥለው ውድድር ዓመት ጀምሮ ነው። አሁን ድምፅ ከሰጣችሁ የሚቀጥለው ዓመት ቡድኑን ማንም ስለማያውቅ ለራሱ ተጫዋች ብሎ የሚመርጥ አይኖርም። ለዘንድሮ የግድ ካላችሁ ደግሞ ሁሉም የሚያስቀረውን ተጫዋች እንደገና ይምረጥ።

ከሚኒያፖሊስ

የአዳማዋ፣ የፈርስት ዳውኑ ነገር አሳምኖኛል። ባዶ ቦታ የመፍጠር ችሎታ ዋጋ እንዲያገኝ ነበር የፈለግኩት፤ በሦስተኛ ሙከራ የሚታየው ያ ችሎታ ነው። በዚህ ሁኔታ ከሙሉ ፒፒአር እለቃለሁ። በባዶ ግማሽ ግን አልለቅም።

የድሮ ተጫዋች (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጄ፣ የአዳማዋን ምክር ስማ። ሊግ የሚፈርሰው በነጥብ አሰጣጥ አይደለም፤ መሀል ላይ በሚቀየር ደንብ ነው። እኔ የነበርኩበት አንድ ሊግ እንደዚያ ሲፈርስ አይቻለሁ።

የታቦር ልጅ (ሀዋሳ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ቨርጂኒያ ደወልኩ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከሥራ እየወጣ ነበር። ለመያዝ የሚሰጠው ነጥብ ዘንድሮ እንዳለ ይቀጥል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ግን አሁን ድምፅ እንስጥ አልኩት። ወዲያው "እንደሱ ከሆነ እኔም ለግማሹ ነው የምመርጠው" አለኝ። የተከፋው ተጫዋቹን በነጠቅነው መሰለው እንጂ በሐሳቡ እንደማይጣላ አሁን ገባኝ። ከዚያ ሌላ ሌላውን ስናወራ ቆየን፤ ስለ እናቱ፣ ስለ ሰፈሩ መንገድ።

እህቴ የአዳማዋ፣ ፈርስት ዳውኑን በጣም ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ላይ ብዙ ነገር መቀየር አልፈልግም። ከአሥራችን ሦስቱ ጨዋታውን ገና እየለመዱት ነው። የኳስ ብዛት አንድ ሁለት ብለህ ትቆጥራለህ፤ ፈርስት ዳውን ግን የት እንደተጀመረ፣ ስንት እንደቀረ መከታተል ይፈልጋል። መጀመሪያ ግማሹን እንልመድ። በዚህ ዓመት ግን በግማሹም በፈርስት ዳውኑም እያሰላሁ በየሳምንቱ ግሩፓችን ላይ እለጥፋለሁ። ልዩነቱን በዓይናቸው ሲያዩት ክርክሩ ራሱ ይቀላል።

ታይት ኤንዱ ላይ የእንግሊዙ ምሳሌሽ ጨርሶታል። ሁላችንም ያንኛውን ፋንታሲ እንጫወታለን፤ የተከላካይ ጎል ለምን 6 እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ዛሬ ለልጆቹ የምልከው ይሄ ነው፦

ዘንድሮ የነጥብ ለውጥ የለም። ሦስተኛ ሪሲቨር ማሰለፍ ግን ከዘንድሮ ይጀምር ወይስ አይጀምር? ይሄ የማንንም ያስቀረውን ተጫዋች ዋጋ አይጥልም፤ ቢሆንም ሰባት ድምፅ ካላገኘ አያልፍም።

ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ለሪሲቨርና ለራኒንግ ባክ ለተያዘ ኳስ 0.5፣ ለታይት ኤንድ 1 ይሁን? ይሄም በሰባት ድምፅ።

ድምፅ የሚሰጠው ቅዳሜ በሀዋሳ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሲያትል ጠዋት ስለሆነ የሚተኛ የለም። እስካሁን ስድስት ሰው ለግማሹ እንደሚመርጥ ነግሮኛል። ሲያትል ያሉት ሁለቱ አልመለሱልኝም። አንደኛው ታይት ኤንድ ጭራሽ ከአሰላለፍ ይውጣ የሚል ሰው ነው፤ የባወርስን ቁጥር ለብቻው ልኬለታለሁ።